ጃንጥላን በጃፓንኛ፦ «ካሳ» የሚለውን ስም ከድምፁ እስከ አገልግሎቱ መማር

ጃፓንኛ መማር የጀመረ ሰው ብዙውን ጊዜ የዕቃ ስሞችን በሁለት ዓምድ ጽፎ፣ በአንዱ በኩል ጃፓንኛውን በሌላው በኩል አማርኛውን አስቀምጦ፣ ቃሉ ከአፉ እስኪገባ ድረስ ይሸመድዳል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደብተሩን ሲከፍት ግን አብዛኞቹ ቃላት እንግዳ ሆነውበት ያገኛቸዋል። ይህ የሚሆነው ተማሪው ሰነፍ ስለሆነ ሳይሆን፣ ቃሉ ከአንድ የአማርኛ ፍቺ በቀር ሌላ መያዣ ስላልተበጀለት ነው። ከዚህ በታች የማቀርበው አሠራር አንድ ቃል ብቻ ወስዶ፣ ድምፁን፣ አጻጻፉን፣ አብሮት የሚሄደውን ግሥ፣ አቆጣጠሩንና ዘመዶቹን በየተራ እያስያዙ በአንድ ሳምንት ውስጥ የራስ ማድረግ ነው። ቃሉ «ካሳ» ሲሆን ፍቺውም ጃንጥላ ነው።

ይህን ቃል የመረጥሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ለትምህርትም ሆነ ለሥራ ጃፓን የሚሄድ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሚያስፈልጉት ዕቃዎች አንዱ ጃንጥላ ነው፤ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ከሰኔ መጀመሪያ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ገደማ «ትሱዩ» የሚባለው የዝናብ ወቅት ይዘልቃል፣ ከዚያም በበጋው መጨረሻና በመከር አውሎ ነፋስ ያዘለ ዝናብ ይመጣል። ሁለተኛ፣ ቃሉ ሁለት ቀለም ብቻ ያለው አጭር ቃል ሆኖ ሳለ፣ ጀማሪን የሚያስቸግሩ የጃፓንኛ ጠባዮች ከሞላ ጎደል ሁሉም ተሰብስበውበታል። እርሱን በሚገባ የያዘ ሰው ለሌሎች ብዙ ስሞች የሚሆን መንገድ ይዟል።

ከመጀመርዎ በፊት

የሚያስፈልግዎ አንድ እውነተኛ ጃንጥላ፣ አንድ ደብተር፣ ድምፅ የሚቀዳ ስልክና በቀን 20 ደቂቃ ያህል ጊዜ ነው። ጃንጥላውን ከቁም ሣጥን አውጥተው ከበር አጠገብ ያቁሙት፤ በእጀታው ላይ ትንሽ ወረቀት በክር ይሰሩለት። በወረቀቱ ላይ ለጊዜው ምንም አይጻፍም። ቃሉን ሊያዩት የሚገባው ከዕቃው ጋር እንጂ ከአማርኛ ፍቺው ጋር አይደለም፤ ከቤት በወጡና በገቡ ቁጥር ዓይንዎ ጃንጥላው ላይ ሲያርፍ አፍዎ «ካሳ» እንዲል ማድረግ የዚህ ሥራ መሠረት ነው።

የመጀመሪያው ቀን፦ ድምፁን በፊደላችን መመዘን

ጃፓንኛን በላቲን ፊደል አማካይነት የሚማር ሰው ከሚገባው በላይ ይደክማል። የእኛ ፊደል ለዚህ ሥራ የተሻለ ነው፤ ምክንያቱም የጃፓንኛው «ሂራጋና» እንደ ፊደላችን ሁሉ ተናባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት አጣምሮ ይጽፋል። የጃፓንኛ አናባቢዎች አምስት ብቻ ናቸው፤ በእኛ አጠራር ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስና ሳብዕ ይሆናሉ። ስለዚህ የ«ካ» ቤተሰብ በጃፓንኛ ቅደም ተከተል ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ ተብሎ ይነበባል፤ ግዕዙ «ከ» በዚህ ውስጥ ቦታ የለውም። «ካሳ» ሁለት ራብዕ ሆሄያት ናቸው፤ ሁለቱም እኩል አጭር ሆነው ይነገራሉ።

እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ ሦስት ነገር ሊጠነቀቅ ይገባል። የመጀመሪያው፣ ጃፓንኛ እንደ ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ እና ጰ ያሉ ጉሮሮን አጥብቀው የሚፈነዱ ድምፆች ፈጽሞ የሉትም። ቃሉ «ካሳ» እንጂ «ቃሳ» አይደለም፤ የዝናቡ ወቅትም በ«ጹ» ሳይሆን በለስላሳው «ትሱ» ይጀምራል። ሁለተኛው የመጥበቅና የመላላት ጉዳይ ነው። በአማርኛ «ገና» የሚለው ቃል ጠብቆ ሲነበብ የልደት በዓል፣ ላልቶ ሲነበብ «እስካሁን ያልሆነ» ማለት እንደሚሆነው፣ «ዋና»ም ጠብቆና ላልቶ ሁለት የተለያየ ነገር እንደሚሆነው፣ በጃፓንኛም መጥበቅ ፍቺ ይለውጣል። «ሳካ» ላልቶ ዳገት ወይም ቁልቁለት ያለው መንገድ ነው፤ ጠብቆ «ሳክካ» ሲባል ደራሲ ይሆናል። «ኦቶ» ድምፅ ሲሆን «ኦትቶ» ባል ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህን ለመስማት ብዙ ይቸገራሉ፤ እኛ ግን ከእናታችን ጉያ የለመድነው ነገር ነው። ፊደላችን መጥበቅን ስለማያሳይ፣ በዚህ ጽሑፍ የጠበቀውን ተናባቢ ሁለት ጊዜ ጽፌዋለሁ። «ካሳ» ግን ይላላል፤ በ«ሳ» ላይ መቆየት አይገባም።

ሦስተኛው ጥንቃቄ የአናባቢ ርዝመት ነው። ጃፓንኛ አንድን አናባቢ በእጥፍ አስረዝሞ ሊናገር ይችላል፤ ይህም ፍቺ ይለውጣል። በ«ካሳ» ውስጥ ረጅም አናባቢ ስለሌለ ለአሁኑ እዚህ ላይ አልቆይም፤ በኋላ ሲመጣ በተከታዩ አናባቢ ፊደል አመለክተዋለሁ።

ቃሉ ከአማርኛው «ካሳ» ጋር በአጻጻፍ መመሳሰሉ ለማስታወስ ትልቅ ስጦታ ነው። አንዳንዱ ተማሪ «ዝናብ ለበደለኝ ካሳዬ ጃንጥላ ነው» ብሎ ይይዘዋል። ለእኔ ከዚህ ይልቅ የረዳኝ ሥዕል ነው፦ ዐፄ ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው በፊት ካሳ ኃይሉ፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛም ካሳ ምርጫ ይባሉ ነበር፤ እኔ በዐይነ ኅሊናዬ የማየው ካሳ የተባለውን መስፍን አሽከሩ ጃንጥላ ዘርግቶለት ሲሄድ ነው። «ጃን» የሚለው በ«ጃንሆይ» እና በ«ጃንሜዳ» እንደምናየው ንጉሣዊ ክብርን የሚያመለክት በመሆኑ ሥዕሉ ከቃላችን ታሪክ ጋርም ይስማማል። ከሁለቱ የሚስማማዎትን ይያዙ። ነገር ግን ማስታወሻው ፍቺውን ለመጥራት ብቻ ያገልግል፤ አነጋገሩን ከአማርኛው ስም አይውሰዱ፤ ይህም የሁለተኛው ቀን ትምህርት ነው።

ሁለተኛው ቀን፦ ከፍታና ዝቅታ

በአማርኛ አንድን ቃል በቀጭን ድምፅም ብንለው በወፍራም ፍቺው አይለወጥም። በጃፓንኛ ግን እያንዳንዱ ቃል የራሱ የሆነ ከፍታና ዝቅታ አለው። በቶኪዮው መደበኛ አነጋገር የ«ካሳ» «ካ» ከፍ ይላል፣ «ሳ» ዝቅ ይላል። ይህን ጩኸት አድርገው አይውሰዱት፤ «ካ» የሚጎላው በኃይል ሳይሆን በዜማ ነው። ከቃሉ በኋላ «ጋ» የሚለው የባለቤት አመልካች ሲገባም «ካ» ብቻ ከፍ ብሎ «ሳ» እና «ጋ» ዝቅ እንዳሉ ይቀራሉ።

ልምምዱ እንዲህ ነው። ቀኝ እጅዎን ትከሻዎ ትይዩ አንስተው «ካ» ይበሉ፤ እጅዎን ወደ ወገብዎ እያወረዱ «ሳ» ይበሉ። አሥር ጊዜ ያህል ይህን ካደረጉ በኋላ «አሜ» ወደሚለው ቃል ይሻገሩ። «አሜ» ልክ እንደ «ካሳ» ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል ዝናብ ማለት ነው፤ ዝቅ ብሎ ከፍ ሲል ደግሞ ከረሜላ ይሆናል። ዝናብና ጃንጥላ በዜማም አንድ ዓይነት መሆናቸው ሁለቱን አብሮ ለመያዝ ያመቻል፦ «አሜ፣ ካሳ፤ አሜ፣ ካሳ» እያሉ እጅዎን ያንሡና ያውርዱ። ከዚያ በስልክዎ ይቅዱትና ከጃፓናዊ ተናጋሪ ድምፅ ጋር ያስተያዩት። የጃፓን የሕዝብ ማሰራጫ የሆነው ኤን ኤች ኬ ለውጭ አገር ሰዎች በነፃ የሚያቀርባቸው የጃፓንኛ ትምህርቶች ለዚህ ይጠቅማሉ፤ ዐረብኛ፣ ፈረንሳይኛና ስዋሂሊን በመሳሰሉ ቋንቋዎች ስለሚቀርቡም በዐረብ አገሮች ያሉ ወገኖቻችን በሚሰሙት ቋንቋ ሊከታተሉት ይችላሉ። በኦሳካና በኪዮቶ አካባቢ ከፍታውና ዝቅታው ከቶኪዮው ስለሚለይ፣ የዚያ አገር ሰው ሲናገር ቢሰሙና ቢለይብዎ ተሳሳትሁ ብለው የያዙትን አይልቀቁ።

ሦስተኛው ቀን፦ አጻጻፉ

«ካሳ» በሂራጋና በሁለት ምልክት ይጻፋል። «ካ» የምትለዋ ምልክት ሦስት ሰረዝ አላት፦ የመጀመሪያው ከግራ ወደ ቀኝ ሄዶ ወደ ታች ይታጠፍና ጫፉ ወደ ውስጥ ይቆለመማል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አቋርጦ ከላይ ወደ ግራ ታች ይወርዳል፤ ሦስተኛው በቀኝ በኩል ለብቻው የሚቀመጥ አጭር ሰረዝ ነው። «ሳ» ደግሞ በእጅ ሲጻፍ አግድም ሰረዝ፣ እርሱን የሚያቋርጥ ወራጅ ሰረዝ፣ ከታች ደግሞ ክፍቱ ወደ ቀኝ የዞረ ጎድጓዳ ኩርባ ነው። በኅትመት ሁለተኛውና ሦስተኛው ሰረዝ ተያይዘው ስለሚታዩ ብዙ ጀማሪዎች የእጅ ጽሑፍ ሲያዩ ሌላ ፊደል ይመስላቸዋል። አግድም ሰረዙ ሁለት ከሆነ ፊደሉ «ኪ» ነው፤ ኩርባው በመስተዋት እንደታየ ተገልብጦ ወደ ግራ ከተከፈተ «ቺ» ነው። እነዚህን ሦስቱን ጎን ለጎን አድርገው አንድ ገጽ ሙሉ ይጻፉ።

ቃሉ በሱቅና በመንገድ ማስታወቂያ ላይ በብዛት የሚጻፈው ግን «ካንጂ» በሚባለው ከቻይና በመጣው ጽሕፈት ነው። የጃንጥላ ካንጂ ለዓይን ደስ የሚል ነው፦ ከላይ እንደ ጎጆ ክዳን የተዘረጋ ጣሪያ፣ በሥሩ በሁለት ረድፍ የተጠለሉ አራት ሰዎች፣ ከታች ደግሞ መስቀል የመሰለ ዘንግ። ጣሪያው ሁለት ሰረዝ፣ እያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት፣ መስቀሉም ሁለት፤ በድምሩ 12 ሰረዝ ይሆናል። ጣሪያውን አስቀድመው ይጻፉ፤ መስቀሉን ከሁሉ በኋላ፣ አግድሙን ቀድመው ዘንጉን አስከትለው ይጨርሱ። ይህ ምልክት በ1981 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በወጣው የዕለት ተዕለት ካንጂዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፤ ይሁንና በጃፓን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከሚሰጡት ካንጂዎች መካከል ስላልሆነ፣ ለጀማሪ ማንበቡ እንጂ መጻፉ ግዴታ አይደለም። አሁን በእጀታው ላይ ባሰሩት ወረቀት ላይ በአንዱ ገጽ ሂራጋናውን፣ በሌላው ገጽ ካንጂውን ይጻፉ። አማርኛ አይጻፍበት።

አራተኛው ቀን፦ ግሡ

ጥላ ያዘ ወይም ጃንጥላ ዘረጋ እንደምንለው፣ ጃፓኖችም ለጃንጥላ የለየ ግሥ አላቸው፤ እርሱም «ሳሱ» ነው። «ካሳ ኦ ሳሱ» ማለት ጃንጥላን ዘርግቶ ከራስ በላይ መያዝ ነው። እኔ ከሁሉ በላይ አጥብቄ የምመክረው ስሙን ያለ ግሡ እንዳያጠኑ ነው፤ ምክንያቱም ስሙን ብቻ የያዘ ሰው «መያዝ» የሚለውን ከመዝገበ ቃላት ፈልጎ «ሞትሱ» ይላል፤ እርሱ ግን ተጣጥፎም ቢሆን በእጅ መያዝ እንጂ መጠለልን አያመለክትም። ከ«ሳሱ» ሌላ ሦስት ግሦች ይበቁዎታል፦ «ሂራኩ» መክፈት ወይም መዘርጋት፣ «ቶጂሩ» መዝጋት፣ «ታታሙ» ማጠፍ።

ግሦቹን የሚያጠኑት ተቀምጠው አይደለም። ጃንጥላውን ያንሡ፤ እየከፈቱት «ካሳ ኦ ሂራኪማሱ» ይበሉ፤ ከራስዎ በላይ አድርገው ሁለት እርምጃ እየሄዱ «ካሳ ኦ ሳሺማሱ» ይበሉ፤ እየዘጉት «ካሳ ኦ ቶጂማሱ»፣ እያጠፉት «ካሳ ኦ ታታሚማሱ» ይበሉ። «ማሱ» ግሡን የአክብሮት የሚያደርግ ጭራ ሲሆን፣ በአነጋገር ግን የመጨረሻው «ሱ» አናባቢው ይሟሽሽና በእኛ ሳድስ «ስ» ሆኖ ይሰማል፦ «ሳሺማስ»። ሳድስ ከ«ን» በቀር በጃፓንኛ ጽሕፈት ቦታ ባይኖረውም በአፍ ግን በዚህ መንገድ ብቅ ይላል። አራቱን ድርጊቶች በተከታታይ አምስት ጊዜ ካከናወኑ፣ ቃሉ ከጆሮዎ ወደ ክንድዎ ይሻገራል።

አምስተኛው ቀን፦ ዓረፍተ ነገር መሥራት

እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ የሚያገኘው ምቾት ከፍ ያለ ነው። በሁለቱም ቋንቋዎች ግሥ ከመጨረሻ ይመጣል፤ ተሳቢውም ከግሡ ይቀድማል። «ኮሬ ዋ ዋታሺ ኖ ካሳ ዴሱ» የሚለውን ይመልከቱ፦ «ኮሬ ዋ» ይህ፣ «ዋታሺ ኖ» የእኔ፣ «ካሳ» ጃንጥላ፣ «ዴሱ» ነው። ቃል በቃል በተራው ሲቀመጥ «ይህ የእኔ ጃንጥላ ነው» ይሆናል፤ ምንም የሚገለበጥ ነገር የለም። ልዩነቱ የእኛ «የ» ከስሙ ፊት ስትቀመጥ የእነርሱ «ኖ» ከኋላ መምጣቷ ብቻ ነው። ከግሥ በፊት ያየናት «ኦ»ም ከስም ኋላ የምንለጥፋትን «ን» ትመስላለች፦ «ካሳ ኦ ዋሱሬማሺታ» «ጃንጥላዬን ረሳሁ» ማለት ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር በባቡር ጣቢያ በተደጋጋሚ ስለሚያስፈልግዎ ቀድመው ይያዙት፤ ዝናቡ ሲያባራ ጃንጥላውን በባቡር ውስጥ ረስቶ መውረድ በጃፓን የተለመደ ነው።

ለመዋስ የሚሆነው ዓረፍተ ነገር ደግሞ «ካሳ ኦ ካሺቴ ኩዳሳይ» ነው። በአማርኛ ዕቃን «ተዋሰ» እና «አዋሰ»፣ ገንዘብን «ተበደረ» እና «አበደረ» ብለን እንለያለን፤ ጃፓኖች ለዕቃም ለገንዘብም «ካሱ» እና «ካሪሩ» በሚሉ ሁለት ግሦች ብቻ ይጠቀማሉ፦ «ካሱ» ሰጪው የሚያደርገው፣ «ካሪሩ» ተቀባዩ የሚያደርገው ነው። «ካሺቴ ኩዳሳይ» «እባክዎ ያውሱኝ» ይሆናል። በ«ካሺቴ» ውስጥ ያለው «ሺ» አናባቢው ስለሚሟሽሽ «ካሽቴ» ተብሎ ይሰማል፤ አደጋውም ያለው እዚህ ላይ ነው።

ጃፓን በገባሁበት ሰሞን አንድ ማታ ጃንጥላ ሳልይዝ ዝናብ ጣለብኝና ጎረቤቴ የሆኑትን አንዲት አዛውንት ደጃፍ አንኳኳሁ። ዓረፍተ ነገሩን በደብተሬ ላይ ብዙ ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ በብርድ እየተንቀጠቀጥሁ ያልሁት ግን «ካሳ ኦ ካትቴ ኩዳሳይ» ነበር፤ ይህም «እባክዎ ጃንጥላ ይግዙልኝ» ማለት ነው። አዛውንቷ የራሰውን ትከሻዬን አይተው፣ «ካሺቴ» የሚለውን ቃል ቀስ ብለው፣ «ሺ»ን ለይተው አሰሙኝና እስክደግመው ጠበቁ። ከዚያ ከበሩ ሥር ካለው የጃንጥላ ማቆሚያ ውስጥ ነጭ እጀታ ያለውንና ከላይ የሚወርደው ጠብታ በውስጡ የሚታይበትን የላስቲክ ጃንጥላ መዘዝ አድርገው ሰጡኝ። ያን ቃል ከዚያ ወዲህ አልረሳሁትም። ስለዚህ «ካሺቴ» (ያውሱኝ)፣ «ካትቴ» (ይግዙልኝ) እና «ካይቴ» (ይጻፉልኝ) የሚሉትን ሦስቱን ጎን ለጎን አድርገው፣ ከሰው ደጃፍ ከመቆምዎ በፊት በቤትዎ ይለማመዷቸው።

ስድስተኛው ቀን፦ መቁጠር

በአማርኛ አንድ ራስ ሽንኩርት፣ ሁለት ጥማድ በሬ እንላለን፤ «አንድ» እና «ሽንኩርት» በሚሉት ቃላት መካከል የሽንኩርቱን ቅርጽ የሚገልጽ ቃል ይገባል። ጃፓንኛ ይህን ለሁሉም ዕቃ ያደርገዋል። ጃንጥላ፣ እርሳስ፣ ጠርሙስና ዛፍን የመሳሰሉ ረጃጅምና ሸንቃጣ ነገሮች «ሆን» በሚለው መቁጠሪያ ይቆጠራሉ። መቁጠሪያው እንደ ቁጥሩ ድምፁን ይለዋውጣል፤ ከአንድ እስከ አሥር እንዲህ ይሄዳል፦ ኢፕፖን፣ ኒሆን፣ ሳምቦን፣ ዮንሆን፣ ጎሆን፣ ሮፕፖን፣ ናናሆን፣ ሃፕፖን፣ ኪዩኡሆን፣ ጁፕፖን። የሚጠብቁትን አንድን፣ ስድስትን፣ ስምንትንና አሥርን ለይተው ይያዙ፤ «ቦን» የሚሆነው ሦስት ብቻ ነው። ቁጥሩ የሚቀመጠው ከስሙና ከ«ኦ» ቀጥሎ ነው፦ «ካሳ ኦ ኒሆን ካይማሺታ»፣ ሁለት ጃንጥላ ገዛሁ። ቤት ውስጥ ያሉትን እርሳሶችና ጠርሙሶች እየነኩ መቁጠር ይህን በአንድ ቀን ያስይዛል።

ሰባተኛው ቀን፦ የቃሉ ዘመዶች

በአማርኛ ለፀሐይም ለዝናብም አንድ ጃንጥላ እንላለን፤ «ካሳ»ም ጠቅላላ ስም ሆኖ ሁለቱንም ይይዛል፤ ነገር ግን ለይቶ መናገር ሲያስፈልግ የዝናቡ «አማጋሳ»፣ የፀሐዩ «ሂጋሳ» ይባላል። «ካ» ወደ «ጋ» መለወጧን ልብ ይበሉ። አንድ ስም ከሌላ ስም ኋላ ተጣብቆ ሲመጣ የመጀመሪያ ድምፁ ብዙ ጊዜ ይጎረናል፦ ካ ጋ፣ ታ ዳ፣ ፉ ቡ ይሆናል። ጽሕፈቱም ይህን የሚያሳየው በ«ካ» ራስ ላይ ሁለት ጥቃቅን ሰረዞች በመጨመር ነው፤ እኛ በ«ሰ» ላይ ሰረዝ አድርገን «ሸ»ን፣ በ«ተ» ላይ አድርገን «ቸ»ን እንደምናወጣ ማለት ነው። ፊደላችንን ያወጡ ሰዎችና ሂራጋናን ያበጁ ሰዎች ተራርቀው ሳለ ለአንድ ችግር ይህን ያህል የተቀራረበ መፍትሔ ማግኘታቸው ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። «አሜ»ም በተጣማሪ ቃላት ውስጥ «አማ» ይሆናል፤ «አማሚዙ» የዝናብ ውኃ፣ «አማዶ» ዝናብ የሚከለክል የመስኮት መዝጊያ ነው።

ታጣፊው ጃንጥላ «ኦሪታታሚጋሳ» ይባላል፤ በውስጡም «ታታሙ» የሚለውን የአራተኛውን ቀን ግሥ ያገኙታል። ያ ርካሽ የላስቲክ ጃንጥላ «ቢኒኢሩጋሳ» ነው፤ «ኒኢ» ረጅም አናባቢ ስለሆነ ሁለት ምት ያህል ይቆዩበት። ከወረቀትና ከቀርከሃ በባህላዊ መንገድ የሚሠራው «ዋጋሳ» ሲሆን፣ «ዋ» ጃፓናዊ ማለት ነው። ቃሉ ከፊት ሲመጣ ግን «ካ» አትለወጥም፦ «ካሳታቴ» የጃንጥላ ማቆሚያ ነው፤ «ካሳቡኩሮ» ደግሞ በዝናብ ቀን በትልልቅ መደብሮች በር ላይ እርጥቡ ጃንጥላ ወለሉን እንዳያጨቀይ የሚከተትበት ቀጭን የላስቲክ ከረጢት ነው፤ የጎረነው ሁለተኛው ቃል «ፉኩሮ» ነው።

ሁለት ሰዎች በአንድ ጃንጥላ ሥር ሲሄዱ «አይአይጋሳ» ይባላል፤ ፍቅረኛሞችን የሚያመለክት ስለሆነ፣ ልጆች የጃንጥላ ሥዕል ሥለው በዘንጉ ግራና ቀኝ የሁለት ሰዎችን ስም ይጽፋሉ። ከባልደረባዎ ጋር ጃንጥላ ተጋርተው ሲሄዱ ይህን ቃል ከሰው አፍ ቢሰሙ ምን እንደተባለ ያውቃሉ። ገበሬዎችና መንገደኞች ከሣር ወይም ከቀርከሃ የሠሩት ሰፊ ባርኔጣም «ካሳ» ይባላል፤ ካንጂው የተለየ ቢሆንም ድምፁ አንድ ነው። የእንጉዳይ ክዳንና የመብራት ክዳንም እንዲሁ «ካሳ» ናቸው፤ ከራስ በላይ ተዘርግቶ የሚከልል ነገር ሁሉ በቃሉ ሥር ይገባል። ካንጂው ሌላ ንባብም አለው፤ እርሱም «ሳን» ነው፦ «ራክካሳን» ከአውሮፕላን የሚወረድበት ጃንጥላ ነው። የ80ኛ ዓመት ልደት ደግሞ «ሳንጁ» ይባላል፤ ምክንያቱም የዚህ ካንጂ አጭር አጻጻፍ ስምንትና አሥር የሚሉት ቁጥሮች ላይና ታች የተጻፉ ይመስላል። እነዚህን የመጨረሻዎቹን አሁን ማጥናት አያስፈልግዎትም፤ ሲገጥሙዎት እንዲያውቋቸው ያህል ነው።

ክለሳ

ከሰባቱ ቀናት በኋላ በዘጠነኛው፣ በአሥራ አራተኛውና በሠላሳኛው ቀን ተመልሰው ራስዎን ይፈትኑ። ፈተናው «ካሳ ማለት ምን ማለት ነው» የሚል አይሁን፤ እርሱን መቼም አይስቱትም። ጃንጥላውን በእጅዎ ይዘው፣ ዜማውን ጠብቀው ስሙን ይጥሩ፣ አራቱን ግሦች ከድርጊታቸው ጋር ያስከትሉ፣ ሦስት ጃንጥላ ይቁጠሩ፣ ከጎረቤት ይዋሱ፣ መርሳትዎን ለጣቢያው ሠራተኛ ያስረዱ። የተሳሳቱበትን ክፍል ብቻ በማግሥቱ ይደግሙታል። በስልክ መለማመድ የሚወድ ሰው «አንኪ» የሚባለውን የመከለሻ መተግበሪያ መጠቀም ይችላል፤ ስሙ ራሱ በጃፓንኛ «በቃል መያዝ» ማለት ነው። በቶኪዮ ካትሱሺካ ክፍለ ከተማ እንደሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ቋንቋውን በየቀኑ የሚናገር የአገር ሰው በአቅራቢያዎ ካለ ደግሞ፣ አምስት ደቂቃ ለምነው ዜማዎን እንዲያርምልዎ ያድርጉ፤ የት ላይ ቃሉን በአማርኛ እንደጎተቱት ፈጥኖ የሚሰማው እርሱ ነው።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት ወረቀቱን ከጃንጥላው ፈትተው ሌላ ባዶ ወረቀት በቤትዎ ቁልፍ ላይ ይሰሩ። ቁልፍ «ካጊ» ነው፤ ዜማው ከ«ካሳ» ተቃራኒ ሆኖ ዝቅ ብሎ ከፍ ይላል፤ መቆለፍ «ካጊ ኦ ካኬሩ»፣ መክፈት «ካጊ ኦ አኬሩ» ነው፤ ሲቆጠር ግን እርሱም በ«ሆን» ስለሚቆጠር፣ ኢፕፖን፣ ኒሆን፣ ሳምቦን ብለው ከያዙት ይጀምራሉ።